ለጓደኛህ መኪና በስምህ ኢንሹራንስ ከመግባትህ በፊት

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንዲት ፊርማ ነው። ጓደኛህ መኪና ወይም ባጃጅ ገዝቷል እንበል። ወደ አንተ ይመጣና «ወንድሜ፣ ኢንሹራንሱን ለጊዜው በአንተ ስም እናድርገው። ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ፤ አንተ መፈረም ብቻ ነው የሚጠበቅብህ» ይልሃል። አብራችሁ ያደጋችሁ፣ በአንድ ሶፍ የሰገዳችሁ ሰው ነው። እምቢ ማለት ይከብዳል። ይሉኝታ ይይዝሃል። ከሱቅ ዕቃ እንደመላክ ቀላል ነገር ይመስልህና ትፈርማለህ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህች ፊርማ ቀላል አይደለችም። ዛሬ ኢንሻአላህ ምን እንደምታስከትል በሕጉም በዲናችንም በኩል እናያለን። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጓደኛን ሳናስቀይም እንዴት በትክክለኛው መንገድ መርዳት እንደሚቻል እንነጋገራለን።

ኦቶና ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ኦቶና ሲባል ለብዙ ሰው መጀመሪያ የሚታወሰው ሆስፒታሉ ነው። ከሶዶ፣ ከአረካ፣ ከቦዲቲና ከዙሪያው በመንገድ አደጋ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወደዚያ ነው። ቤተሰብ እየሮጠ ይደርሳል። ሐኪሙ ሥራውን ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ በተጎጂው ቤተሰብ፣ በትራፊክ ፖሊሱና በሾፌሩ መካከል አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «መኪናው የማን ነው? ኢንሹራንሱስ በማን ስም ነው?»

ይህ ጥያቄ ሲነሳ መልሱ ባለ አንድ ቃል መሆን አለበት። «የእሱ ነው፣ ግን በእኔ ስም ነው፣ ሊብሬው ደግሞ የሦስተኛ ሰው ነው» የሚል መልስ ከተሰጠ ችግሩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይወለዳል። አልጋ ላይ የተኛው ሰው የሚጠብቀው የሕክምና ወጪ አለ። ቤት ውስጥ የሚጠብቁት ልጆች አሉ። የእናንተ የወረቀት መደበላለቅ የእሱን ሐቅ ያዘገያል።

በመጀመሪያ ሦስት ነገሮችን እንለይ

«ለጓደኛ ኢንሹራንስ መግባት» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ማለት ሊሆን ይችላል። ፍርዳቸው አንድ አይደለም።

አንደኛው፣ መኪናው የጓደኛህ ነው፤ ሊብሬው በእሱ ስም ነው፤ የመድን ውሉም በእሱ ስም ነው። አንተ አረቦኑን ብቻ ትከፍልለታለህ። ይህ ስጦታ ወይም ብድር ነው። ኸይር ሥራ ነው፤ አደጋም የለውም። ብድር ከሆነ ጻፉት፤ ስጦታ ከሆነ አትመጻደቅበት።

ሁለተኛው፣ ጓደኛህ ሩቅ ነው ወይም አልተመቸውም፤ አንተ ወኪሉ ሆነህ፣ በእሱ ስምና በሕጋዊ ውክልና ውሉን ትፈርምለታለህ። የምትፈርመው ስለ እሱ መሆኑ በወረቀቱ ላይ በግልጽ ሰፍሯል። ይህም ችግር የለበትም። ውክልና (ወካላ) በዲናችንም የታወቀና የተፈቀደ ነው።

ሦስተኛው፣ መኪናው የእሱ ሆኖ ሳለ በአንተ ስም፣ የአንተ እንደሆነ አድርገህ ትፈርማለህ። ወይም የሚነዳው እሱ ሆኖ ሳለ «የምነዳው እኔ ነኝ» ትላለህ። ወይም ለትራንስፖርት የሚሠራ መኪና ሆኖ ሳለ አረቦኑ እንዲቀንስ «የግል ነው» ብለህ ታስመዘግባለህ። አደጋው ያለው እዚህ ነው። ከዚህ በኋላ የምንናገረውም ስለዚህ ነው።

መድን የጉዳት ካሳ ነው

የመድን ውልን የሚገዛው ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም ስለ መድን የሚናገረው የድሮው ክፍል ሥራ ላይ እንዳለ ቀጥሏል። በዚህ ሕግ መሠረት የንብረት መድን የካሳ ውል ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ የጠፋብህን ያህል ይተካልሃል፣ ከጠፋብህ በላይ አታገኝም። ኢንሹራንስ ማትረፊያ አይደለም።

አሁን ሦስተኛውን ሁኔታ በዚህ ሚዛን እንመዝነው። በአንተ ስም ሙሉ ሽፋን የተገባለት የጓደኛህ መኪና ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲሄድ ተገልብጦ ከጥቅም ውጭ ሆነ እንበል። መድን ድርጅቱ አንተን ይጠይቅሃል፦ «አንተ ምን ጠፋብህ?» እውነቱን ከተናገርክ የጠፋብህ ነገር የለም፤ መኪናው ያንተ አልነበረምና። ጓደኛህ ደግሞ «የጠፋብኝ እኔ ነኝ» ብሎ ቢመጣ «ከአንተ ጋር ውል የለንም» ሊባል ይችላል። አረቦኑ በየዓመቱ ተከፍሏል፤ ካሳው ግን በሁለታችሁ መሃል ወደቀ። ያን ጊዜ ጓደኛህ የሚያዝነው በመድን ድርጅቱ ብቻ አይደለም። በአንተም ነው።

የሦስተኛ ወገን መድንና በሊብሬ ላይ ያለው ስም

በአገራችን የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያስገድዳል። ይህ መድን የሚጠብቀው በመኪናው አደጋ የሚሞተውን፣ አካሉ የሚጎዳውን ወይም ንብረቱ የሚበላሸውን ሌላውን ሰው ነው። የራሳችሁን መኪና ጥገና አይሸፍንም። ብዙ ወጣት «ኢንሹራንስ አለኝ» ሲል ያለው ይህ ብቻ መሆኑን ልብ አይልም።

ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ። ክፍያው ጣሪያ አለው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ከ40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ ከ100 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተደርጎ ነበር። ጣሪያው ሊሻሻል ስለሚችል ውል በምትፈርሙበት ቀን ያለውን ከመድን ድርጅቱ ጠይቁ። መሠረቱ ግን አንድ ነው፤ ጉዳቱ ከጣሪያው ከበለጠ ትርፉን የሚከፍል ሰው ይፈለጋል።

ማን ይሆን የሚፈለገው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መልሱን ይሰጣል። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሲያሽከረክር የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። ባለቤቱ ጥፋት ሠራ አልሠራ አይባልም። ቤቱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። ባለቤት በመሆኑ ብቻ ይጠየቃል።

ፍርድ ቤት «ባለቤቱ ማን ነው?» ሲል ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ሊብሬው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኢንሹራንሱ በአንተ ስም የሚሆነው ሊብሬውም በአንተ ስም ስለሆነ ነው። ወይ ሽጠህለት ስም አልዞረም፣ ወይ እሱ መታወቂያ ስላልነበረው «ለጊዜው» ተብሎ በአንተ ስም ወጥቷል። «ለጊዜው» የተባለው ሁለት ዓመት ይሆናል። ሦስት ዓመት ይሆናል።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል፣ በአንተ ስም ያለ ባጃጅ የቆመ መኪና ገጭቶ 180 ሺህ ብር ጉዳት አደረሰ እንበል። የሽፋኑ ጣሪያ 100 ሺህ ብር ቢሆን 80 ሺህ ብር ይቀራል። ጓደኛህ ገንዘብ ከሌለው ወይም ስልኩን ካጠፋ፣ ከሳሹ የሚያገኘው ስም ያንተ ነው። ከባጃጁ አንድ ቀን እንኳ ሳንቲም ያልበላህ ሰው ያንን ዕዳ ትሸከማለህ። ያውም ይህ የንብረት ጉዳት ነው። የሰው ሕይወት ሲሆን ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

ውሸት ያለበት ውል ሲፈርስ

ሕጉ መድን የሚገባው ሰው አደጋውን ለመመዘን የሚያስፈልገውን ሁሉ በትክክል እንዲናገር ያዛል። መኪናው ለምን ሥራ ይውላል? ማን ይነዳዋል? ስንት ሰው ይጭናል? አረቦኑ የሚሰላው በእነዚህ መልሶች ነው። አውቆ የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው ውሉ ፈራሽ ሊሆንበት ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ የሚታወቀው መቼ ነው? ስትፈርም ማንም አይመረምርህም። አረቦኑን ስትከፍል ማንም አያስቆምህም። ምርመራው የሚመጣው አደጋ ከደረሰና ካሳ ከጠየቅህ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የፖሊስ ሪፖርት ይቀርባል፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ይታያል፣ ሊብሬው ከውሉ ጋር ይመሳከራል። «የግል» የተባለው መኪና ተሳፋሪ ጭኖ ተገኘ፤ «እኔ ነኝ የምነዳው» ያልከው ሰው በዚያ ቀን ሐዋሳ ነበርክ። ውሸቱ ያተረፈልህ ጥቂት ብር ነበር፤ ያሳጣህ ግን ሽፋኑን በሙሉ ነው። መድን ድርጅቱ ለተጎጂው ከፍሎ ቢሆን እንኳ ውሉን ከጣሰው ሰው ገንዘቡን መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ውሉን የፈረመው ደግሞ አንተ ነህ።

ከዚህ ሌላ የጊዜ ጉዳይ አለ። አደጋ ሲደርስ ለመድን ድርጅቱ ቶሎ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የሚያሳውቀው ውሉን የገባው ሰው ነው። አንተ አዲስ አበባ ትማራለህ፤ ጓደኛህ ቦዲቲ ላይ አደጋ አድርሶ፣ ፈርቶ፣ «ከባለቤቱ ጋር ልስማማ» ብሎ ዝም ይላል። አንተ የምትሰማው መጥሪያ ሲደርስህ ነው። እሱ ባሳለፈው ጊዜ ግን የሚጠየቀው ውል ያንተ ነው።

ሞት ሲመጣ

አሁን ብዙ ሰው የማያስበውን እንይ። እስካሁን የተናገርነው አንተ ስለምትጎዳበት ነው። አንተ ጎጂ የምትሆንበትስ?

ጓደኛህ በድንገት ሞተ እንበል፤ አላህ ያቆየንና። መኪናው የእሱ ነው፤ የቤተሰቡ እንጀራ ነበር። በወረቀት ግን ያንተ ነው። ሚስቱ ማስረጃ የላትም። ልጆቹ ምንም አያውቁም። አንተ አላህን የምትፈራ ሰው ስለሆንክ ትመልስላቸዋለህ። አልሐምዱሊላህ። ግን አንተ ቀድመህ ብትሞትስ? ወራሾችህ ሊብሬውን ያያሉ፣ ኢንሹራንሱን ያያሉ፣ ስምህን ያያሉ። «የአባታችን ነው» ይላሉ። ዋሽተው አይደለም፤ የሚያውቁት ይህንን ነው። ጓደኛህ እየጮኸ ንብረቱ እንደ ውርስህ ይከፋፈላል። ዕዳ ያለብህ ከሆነም አበዳሪህ በስምህ ያለውን መኪና ሊያስይዝ ይችላል።

የየቲም ገንዘብ ጉዳይ በቁርኣን እንዴት እንደተጠበቀ እናውቃለን። በሱረቱ አን-ኒሳእ 10ኛው አንቀጽ ላይ የየቲሞችን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ ሰዎች በሆዳቸው እሳት እንደሚበሉ ተነግሯል። በንጹሕ ልብ የተፈረመች ወረቀት ሰዎችን ወደዚህ በር ልታደርሳቸው ትችላለች። ያለ ጽሑፍና ያለ ምስክር የተደረገ ውለታ ለሁለቱም ቤተሰብ ፈተና ይሆናል።

ዲናችን ስለ ዋስትና የሚያስተምረን

አንዳንዱ ወንድም «መረዳዳት ሱና አይደለም እንዴ?» ይላል። አዎ፣ ነው። ግን መረዳዳት በምን ላይ? በሱረቱ አል-ማኢዳህ 2ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) በበጎ ነገርና በተቅዋ እንድንረዳዳ አዘዘ፤ በኃጢአትና በወሰን ማለፍ መረዳዳትን ከለከለ። ሁለቱም ትእዛዝ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ነው ያሉት።

የሌላን ሰው ኃላፊነት በራስ ላይ መውሰድ በዲናችን «ከፋላ» ይባላል። ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳይ ታሪክ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀረበ። ዕዳ እንዳለበት ሲነገራቸው ሶሓቦቹ እንዲሰግዱበት ነገሩና እሳቸው ሳይሰግዱበት ቀሩ። ያን ጊዜ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሱ ላይ ወሰደ። ነብዩም ሰገዱበት። ከጃቢር (ረ.ዐ) በተላለፈ ሌላ ዘገባ ደግሞ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ በኋላ አቡ ቀታዳን ሲያገኙት ስለ ዕዳው ይጠይቁት ነበር፤ መክፈሉን እስኪነግራቸው ድረስ አልተዉትም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ለወንድም ኃላፊነት መውሰድ ታላቅ ሥራ ነው። አቡ ቀታዳ ሟቹን ከጭንቅ አውጥቶታል። ሁለተኛ፣ ኃላፊነቱ ቃል ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ይጠየቁበታል። አቡ ቀታዳ ዕዳው ስንት እንደሆነ አውቆ ነው የወሰደው። አንተ ግን በጓደኛህ መኪና ላይ ስትፈርም የምትወስደው ዕዳ ስንት እንደሆነ አታውቅም። ዜሮ ሊሆን ይችላል። ዕድሜህን ሙሉ ሠርተህ የማትጨርሰውም ሊሆን ይችላል።

የውሸቱ ጉዳይማ ግልጽ ነው። ማታለል ከሙስሊም ባሕርይ እንዳልሆነ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። «ኩባንያው ሀብታም ነው፣ ምን ይጎዳዋል?» የሚል ሰው አለ። የምታታልለው ሰው ሀብታም መሆኑ ማታለሉን ሐላል አያደርገውም። ደግሞም የሚጎዳው ኩባንያው ብቻ አይደለም። በኦቶና ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ ካሳ የሚጠብቀው ሰውም ነው።

ሌላም አለ። በሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ መሠረት በስህተት ሰው የገደለ ሰው ለሟች ቤተሰብ ከሚከፈለው ካሳ በተጨማሪ ከፋራ አለበት፤ ነፃ የሚያወጣው ባሪያ ካላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ መጾም። በጥፋቱ ሰው የገደለ ሾፌር ይህንን ማንም መድን ድርጅት አይከፍልለትም። ኢንሹራንስ የገንዘቡን ሸክም ያቀልላል፤ በአላህ ዘንድ ያለውን ተጠያቂነት ግን አያነሳም። ስለዚህ ወረቀቱን ካስተካከላችሁ በኋላም ቀስ ብላችሁ ንዱ።

ኢንሹራንስ ራሱስ?

ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁ ባጭሩ እንለፍበት። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. ጂዳ ላይ ባደረገው ስብሰባ፣ በቋሚ አረቦን የሚሠራው የንግድ ኢንሹራንስ ከባድ ገረር (አለመታወቅ) ስላለበት እንደማይፈቀድ፣ በምትኩም በመረዳዳትና በመዋጮ ላይ የተመሠረተው የትብብር መድን እንደሚፈቀድ ወሰነ። እንደ ሸይኽ ሙስጦፋ አዝ-ዘርቃ ያሉ የንግድ መድንን የፈቀዱ ታላላቅ ዓሊሞችም አሉ። መንግሥት በግዴታ የሚያስገባውን የሦስተኛ ወገን መድን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ዓሊሞች ሰው ተገድዶ ስለሚገባው አይጠየቅበትም ይላሉ። ለራሳችሁ ጉዳይ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ።

ትብብሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየሰፈራችን ያለውን እድር አስቡ። ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ከመዋጮው ይረዳል። ተካፉልም በመሠረቱ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. የተካፉል መመሪያ ካወጣ ወዲህ በአገራችን አንዳንድ መድን ድርጅቶች የተካፉል አገልግሎት ጀምረዋል። በአቅራቢያችሁ ያለው ቅርንጫፍ ይህ አገልግሎት እንዳለው ጠይቁ።

«በአላህ መመካት ካለ ኢንሹራንስ ምን ያደርጋል?» ለሚል ደግሞ፣ ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ስለማሰርና ስለመመካት ለጠየቃቸው ሰው መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ እንዲመካ ነግረውታል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉትም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ግመልን ማሰር ማለት በራሷ ገመድ ማሰር ነው። በሌላ ሰው ስም የታሰረች ግመል ሌሊት ብትጠፋ ፈላጊዋ ማን ይሆናል?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ስም ይዙር። መኪናው የጓደኛህ ከሆነ ሊብሬው በእሱ ስም ይሁን። የስም ማዛወሪያ ወጪው ከብዶት ከሆነ በዚያ ላይ እርዳው። በአንተ ስም ኢንሹራንስ ከመግባት ይልቅ የስም ማዛወሪያውን ግማሽ ብትከፍልለት ለሁለታችሁም ይሻላል። ሸጠህ ስም ካልዞረም ነገ ዛሬ አትበል።

2. አረቦኑን ክፈልለት፤ ስሙን ግን ተውለት። መርዳት ከፈለግህ ገንዘቡን ስጠው ወይም አበድረው። ውሉ በእሱ ስም ይሁን።

3. ብድር ከሆነ ጻፉት። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ ሱረቱ አል-በቀራህ 282፣ የሚናገረው ብድርን ስለመጻፍና ምስክር ስለማቆም ነው። አላህ ይህን ያህል የዘረዘረውን እኛ «በጓደኛሞች መካከል ጽሑፍ ምን ያደርጋል» ብለን አንተወው። ጽሑፍ አለመተማመን አይደለም። ወዳጅነትን ከመርሳትና ከሞት የሚጠብቅ አጥር ነው።

4. በውክልና ከሆነ ውክልናው ይረጋገጥ። ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት የተመዘገበ ይሁን። ምን ማድረግ እንደምትችልና እንደማትችል በግልጽ ይጻፍበት። ስትፈርምም «ስለ እገሌ ሆኜ» መሆኑ በውሉ ላይ ይታይ።

5. እውነቱን ለመድን ድርጅቱ ንገሩ። መኪናው ለትራንስፖርት ከሆነ «ለትራንስፖርት» በሉ። ሌላ ሾፌር ካለ ስሙን አስመዝግቡ። ለውጥ ሲኖር በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቁ፤ ከውሉ ጋር እንዲያያዝ አድርጉ። አረቦኑ ሊጨምር ይችላል። ይጨምር። የምትከፍሉበት ነገር በችግር ቀን እንዲገኝ ነው።

6. ውሉን አንብቡ። ምን ይሸፍናል? ምን አይሸፍንም? ጣሪያው ስንት ነው? ከእናንተ ኪስ የሚቀነሰው ስንት ነው? መቼ ያበቃል? ያልገባችሁን ሠራተኛውን ጠይቁት፤ መብታችሁ ነው። ኮፒውን ቤት አስቀምጡ፤ ለሚስት ወይም ለወንድም አሳዩ።

7. መንጃ ፈቃድና ጭነት። ባጃጅ ላይ ከተፈቀደው በላይ ሰው መጫን፣ ፈቃዱ ለማይፈቅደው ተሽከርካሪ መቀመጥ፣ መኪናውን ፈቃድ ለሌለው ልጅ መስጠት፣ እነዚህ ሁሉ ሽፋኑን አደጋ ላይ ይጥላሉ። የሰው ነፍስንም እንዲሁ።

እምቢ ማለት ለሚከብደን

ችግሩ ብዙ ጊዜ ሕጉን አለማወቅ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። «ቢከፋውስ? አላመነኝም ቢለኝስ?» እንላለን። ሐያእ ከኢማን ነው። ነገር ግን ሰውን ከማሳፈር ለመዳን ውሸት ላይ መፈረም ሐያእ አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወንድማችንን በዳይም ተበዳይም ሆኖ እንድንረዳው ሲያዙ፣ በዳይን እንዴት እንደሚረዱት ተጠየቁ፤ ከበደሉ በማስቆም እንደሆነ መለሱ። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ «እምቢ» ማለት ራሱ መርዳት ነው።

እንዲህ በለው፦ «ወንድሜ፣ አምንሃለሁ፤ ለዚህ ነው የምነግርህ። በእኔ ስም ከሆነ አደጋ ቢደርስ አንተም ካሳ ላታገኝ ትችላለህ፤ ልጆችህም ንብረታቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ነገ ጠዋት አብሬህ ልሂድና በአንተ ስም እናስጨርሰው። የጎደለህን እኔ እሞላለሁ።» እውነተኛ ጓደኛ ይህን ሲሰማ ያመሰግንሃል። ከተቆጣም ቁጣው ያልፋል። ኦቶና ከተደረሰ በኋላ የሚመጣ ጠብ ግን ቶሎ አያልፍም።

ለእህቶቻችንም አንድ ቃል። ወንድም፣ ዘመድ ወይም እጮኛ «በስምሽ እናድርገው» ሲል ተመሳሳዩ ነገር ይሠራል። ዘመድ መሆኑ ሕጉን አይለውጠውም። ጠይቂ፣ አንብቢ፣ ካልገባሽ አትፈርሚ።

ቀድሞ የፈረመስ?

ይህን እያነበብክ «እኔ እኮ ፈርሜያለሁ» የምትል ካለህ አትደንግጥ። በአልሐምዱሊላህ ገና ምንም አልተፈጠረም። ሳይመሽ አስተካክለው። በመጀመሪያ ጓደኛህን አግኘውና ተነጋገሩ። በቁጣ ተነስተህ ውሉን በአንድ ቀን አታቋርጥ። መኪናው ያለ መድን መንገድ ላይ ከወጣ ሕግ ይጣሳል፤ የሚጎዳውም ሰው ያለ ጥበቃ ይቀራል። አዲሱ ውል በእሱ ስም ሲጀምር የድሮው እንዲያበቃ አድርጉ። ስሙ እስኪዞር ድረስ ደግሞ መኪናው የእሱ መሆኑን፣ አንተ ምንም ድርሻ እንደሌለህ፣ በሁለት ምስክር ፊት ጻፉ። አንዱን ቅጂ አንተ ያዝ፣ አንዱን እሱ ይያዝ። ለቤተሰባችሁም ንገሩ። ይህ ጽሑፍ ከሁሉም ዕዳ አያድንህም፤ የየቲሙን ሐቅ ግን ይጠብቃል።

በሱረቱ አን-ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ አላህ አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ አዞናል። የሰው መኪና በስምህ መሆኑ አማና ነው። አማናን ማድረስ ደግሞ እስኪጠየቅ መጠበቅ አይደለም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ ነገር አድርጉ። በስማችሁ ያሉ ነገሮችን ቁጠሩ። ሲም ካርድ፣ ሂሳብ ደብተር፣ ሞተር፣ ባጃጅ፣ መኪና። የእናንተ ያልሆነ በስማችሁ አለ? የእናንተ የሆነ በሌላ ሰው ስም አለ? ካለ በዚህ ሳምንት ጀምሩት።

አላህ ሐቅን ለባለቤቱ ከሚያደርሱት ያድርገን። መንገደኞቻችንን ይጠብቅልን፣ በየሆስፒታሉ የተኙትን ወገኖቻችንን ያሽርልን፣ ወዳጅነታችንን በእውነት ላይ ያጽናልን። አሚን።

ይህን ትምህርት መኪና ወይም ባጃጅ ላለው ጓደኛችሁ አድርሱት።

ጁሙዓ ሙባረክ! ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።